ክሩን ማላላት ማውረድ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለጻፍኩ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሟል። ስብሰባ ተቀመጥን። አብዛኛው ሰው "ትልቅ ስፒከር እንግዛበት" አለ። እኔ ደግሞ እጄን አውጥቼ "አይ፣ መጀመሪያ ለቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር እንግዛለት፣ ጊታሩንም ለዝቅተኛ ቅኝት በደንብ እናዘጋጀው" ስል ሳቁብኝ። አንዱ ባልደረባዬ "መምህር፣ ክሩን ትንሽ ላላ አድርገውና በቃ፣ ወረደ ማለት አይደል?" አለኝ። ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁለት። ሰዓቱ ስለሄደ እዚያ አልጨረስኩትም። እዚህ ልጨርሰው።

መነሻው አምና ነው። ለትምህርት መዝጊያ በዓል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ራሷ የደረሰችውን ዘፈን ልታቀርብ ነበር። ዘፈኑ ስለ ባሮ ነው፤ አኙዋዎች ኦፔኖ ስለሚሉት ወንዝ። ልጅቷ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ዝቅ ብላ ስትዘፍን ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ችግሩ፣ የእኛ ባንድ ሁሉንም ዘፈን የሚጫወተው በኢ ነው። ለምን ብትሉ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ምንም ሳይያዝ ሲመታ ኢ ስለሚሰጥ፣ የልጆቻችንም ጣት የለመደው እዚያ ስለሆነ ነው። እንደዚያ ያስለመድኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ዲፕሎማዬ የፊዚክስ እንጂ የሙዚቃ አይደለም፤ ቤዝ የተማርኩት ከሰው ጣት እያየሁ ነው።

ልምምድ ላይ "ቲቸር፣ ከፍ ይልብኛል" አለችኝ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? "አፍሽን ከፈት አድርጊና ጮክ በይ፣ ይወጣል።" በበዓሉ ቀን አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጆች ሳቁ። ከኋላ "የወንድ ድምፅ!" ብሎ የጮኸም ነበር። ዘፈኑን ሳትጨርስ ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወረደች። ከዚያ ቀን በኋላ ክበቡን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ሰላም ትለኛለች፣ የቤት ሥራዋን ታሳየኛለች፣ ዘፈን ሳነሳ ግን ወሬ ትቀይራለች።

ዘንድሮ አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ስለነበር (ይህም ዜና ነው) ብቻዬን ኪቦርዱን አምስት ግማሽ ድምፅ አውርጄ የዚያችኑ ልጅ ዘፈን እየነካካሁ ነበር። ኢ የነበረው ቢ ሆነ ማለት ነው። ለካ በመስኮት በኩል እየሰማችኝ ኖሯል፤ ገባች። ምንም ሳትል ጥግ ላይ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። አዝማቹ ላይ ድምፅዋ አልተሰነጠቀም። ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው። አምስት ፍሬት መውረድ የነበረብን እኛ ነን።

ኪቦርድ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ቤዝ ጊታር የለውም። "ጎበዝ ቤዚስት ከሆነ ሳይቃኝም እዚያው ፍሬት ላይ ቁልፉን ይቀይራል እኮ" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው፣ በብዙ ዘፈን ላይ መፍትሔው እሱ ነው። ግን እዚህ ላይ አስቡት። ቢ የሚገኘው ኤ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ነው። ያ ድምፅ ከድሮው ኢ በላይ ነው። ዘፋኟ ወደ ታች ወረደች፣ ቤዙ ወደ ላይ ወጣ፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀት በአንድ ሙሉ ኦክታቭ ጠበበ። ወፍራም ድምፅ ያላት ልጅ ከሥሯ ወለል ያስፈልጋታል፤ እኛ ወለሉን አንስተን ደረቷ ላይ አስቀመጥንላት። ስለዚህ ለእሷ ዘፈን ቤዙ ራሱ ከኢ በታች መውረድ አለበት።

ዘፋኝ ለመሣሪያ ይስተካከል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣብን አላውቅም። ክራር የሚጫወት ሰው አይታችኋል? መጀመሪያ አዚያሚውን ትንሽ ያንጎራጉርለታል፤ ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ወደ ድምፁ ያመጣቸዋል። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው እንጂ መነሻው ድምፅ የተቸነከረ አይደለም። መነሻው የዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ቤዝ ጊታርንም እንደ ክራር እንየው ነው የምለው።

"ታዲያ ክራሩም እኮ የሚወርደው በማላላት ነው" ትሉኛላችሁ። ትንሽ ለመውረድ፣ አዎ። ብዙ ለመውረድ ግን አባቶቻችንም አላላሉም። በገናን እዩት፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፣ አሥሩም ክሮቹ ወፋፍራም ጅማት ናቸው። አዲስ አበባ ባህል ምግብ ቤት የገባ ሰው ቤዝ ክራር የሚባለውን አይቶ ይሆናል፤ ዝቅ ያለ ክራር ሲፈልጉ የትንሹን ክራር ክር አላልተው አልተዉትም፣ ትልቅ ክራር ሠርተው ወፍራም ክር አሰሩበት። እዚሁ ጋምቤላም አለላችሁ። የክበባችን ቤዚስት አጎቱ ቶም ይጫወታሉ፤ ያ የብረት ምላሶች በአውራ ጣት የሚመቱበት የአኙዋ መሣሪያ። ልጁ አንድ ቀን ክፍል ይዞት መጣና ምላሷን ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ ሲመታት ወረደች፤ ወደ ውስጥ ገፍቶ ሲመታት ቀጠነች። ያን ቀን ያስተማርኩት ክፍለ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነበር። ድምፅ የሚወርደው በሦስት መንገድ ነው፦ የሚርገበገበው ነገር ሲረዝም፣ ሲከብድ፣ ወይም ሲላላ። ቶም በማስረዘም ይወርዳል። በገና ረጅምም ወፍራምም ነው። ሰነፍ መምህር ግን በማላላት ብቻ ሊያወርድ ይሞክራል።

ሰነፉን መምህር ታውቁታላችሁ፤ የሚጽፍላችሁ ሰው ነው። ልጅቷ በቢ ከዘፈነች በኋላ ተደስቼ በማግስቱ አራቱንም ክሮች አምስት ግማሽ ድምፅ አወረድኳቸው። ኢ የነበረው ቢ፣ ኤ የነበረው ኢ፣ ዲ የነበረው ኤ፣ ጂ የነበረው ዲ ሆነ። በወረቀት ላይ በጣም ያምራል፤ ልጁ የለመደውን የጣት አቀማመጥ ሳይቀይር በቢ ይጫወታል። ስመታው ግን ጊታሩ ሳይሆን ባዶ ጀሪካን ውስጥ የገባ ንብ ነው የሚመስለው። ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል፣ ፍሬቶቹን ይገርፋል፣ ዝዝዝ ይላል። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ድምፁ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይነሳና ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ልጅቷ የትኛውን ትያዝ?

(በነገራችን ላይ በበገና ላይ ያ ዝዝታ ይፈለጋል። ክሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ የሚያስገቡት ለዚሁ ነው። ግን በልክና በፈቃድ ነው። የእኛ ቤዝ ላይ የነበረው በፈቃድ አልነበረም።)

ምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ደብተር ላይ ሳሰላው ነው፤ ማፈሬ አልቀረም፣ የማስተምረው እሱኑ ነውና። የቤዝ ጊታር ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ቢ ደግሞ 31 ጊዜ ያህል ነው። ሦስት አራተኛው ማለት ነው። አንድን ክር ሳትቀይሩት ድግግሞሹን ወደ ሦስት አራተኛ ካወረዳችሁት ውጥረቱ ወደ ሦስት አራተኛ አይደለም የሚወርደው፤ ሦስት አራተኛ ሲባዛ በሦስት አራተኛ፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ነው። 44 ከመቶ የሚሆነው ውጥረት ጠፋ። ሙሉ ድምፅ ብቻ ብታወርዱ እንኳ 20 ከመቶ ያህሉ ይሄዳል። ግማሽ ድምፅ ከሆነ 11 ከመቶ ነው፤ እሱን በማላላት መሸከም ይቻላል። ከዚያ በታች ግን ክሩ ራሱ መክበድ አለበት።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። የጊታር አንገት ቀጥ ያለ እንጨት ይመስላል እንጂ በሁለት ኃይል መካከል ያለ ነገር ነው። ክሮቹ ወደ ፊት ይስቡታል፤ በውስጡ የተቀበረው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እኔ የክሩን ኃይል ወደ ግማሽ ሳወርደው ብረቱ አሸነፈና አንገቱ ወደ ኋላ ተለመጠ፤ ለዚህ ነው ፍሬቶቹ ሁሉ ክሩን የነኩት። መፍትሔው ብረቱን ማላላት ነበር። እኔ "የላላ ነገር ይጠበቃል" ብዬ አጠበቅኩት። ባሰበት። ጨምሬ አጠበቅኩት። ቁልፉም ልኩ ስላልነበረ ማስገቢያው ተፋቀና ቁልፉ መዞሩን ትቶ መንሸራተት ጀመረ። የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ቤዝ ጊታር! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያዳነኝ የባጃጅ ጠጋኝ ነው። ከተፋቀው ቀዳዳ ትንሽ የሚበልጥ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ በሞረድ አጣጥኖ በቀስታ መትቶ አስገባውና አላላልኝ። ክፍያ አልወሰደም፤ "ልጄ እናንተ ጋ ይማራል" አለኝ። እግዜር ይስጠው።

አሁን ትክክለኛውን መንገድ ልንገራችሁ፤ ይህንንም ከአዲስ አበባ ጊታር የሚጠግን ሰው በስልክ ሰዓታት ፈጅቶ ነው ያስረዳኝ። የተለመደው ባለ አራት ክር ፓኬት ውፍረቱ 45፣ 65፣ 85፣ 105 ነው፤ ቁጥሩ የኢንች ሺህኛ ነው። ለዝቅተኛው ቅኝት የሚገዛው ግን ባለ አምስት ክር የቤዝ ፓኬት ነው፤ እሱ ውስጥ አምስተኛ ሆኖ 130 የሚባል ወፍራም ክር አለ። ቀጭኑን 45ን አውጥታችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ 130፣ 105፣ 85 እና 65 አራቱ በአራቱ ቦታ ይገባሉ። እነዚህ ክሮች ሲሠሩ ጀምሮ ለቢ፣ ለኢ፣ ለኤ እና ለዲ የታሰቡ ናቸው። ማንም አልተላላም፤ እያንዳንዱ በራሱ ውጥረት ላይ ነው ያለው። እኔን ያሳበደኝ የዚህ ነገር ቀላልነት ነው። አዲስ ጊታር አያስፈልግም፣ ባለ አምስት ክር ጊታርም አያስፈልግም፣ አንድ ፓኬት ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ ግን ሥራ አለ፣ ቅደም ተከተሉም አይዘለልም። ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ከአንገቱ ጫፍ ካለችው ነት በምትባለው ጥርስ ውስጥ አይገባም፤ ቀዳዳው ለ105 ነው የተሞረደው። በግድ ብትጫኑት ክሩ ላይ ይንጠለጠላል ወይም ጥርሱ ይሰነጠቃል። በአሮጌ ክር ላይ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ በቀስታ ጎኑን ማስፋት ነው። ጎኑን ነው ያልኩት፣ ታችውን አይደለም። አንዴ ከጠለቀ ክፍቱ ክር የመጀመሪያውን ፍሬት ይነካል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ክሮቹን ወደምትፈልጉት ቅኝት አምጡና አንድ ሌሊት ተዉት። ከዚያ አንገቱን እዩ፦ የመጀመሪያውን ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበትን ፍሬት በአንድ ጊዜ ተጫኑና ሰባተኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት መርምሩ። የሞባይል ካርድ ውፍረት ያህል፣ ሚሊሜትር ሲሦ ግድም ከሆነ ጥሩ ነው። ክፍተት ከሌለ ብረቱን ታላላላችሁ፣ ከበዛ ታጠብቃላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ እንዳታዞሩ። (ከእኔ ተማሩ!) ቀጥሎ የክሩን ከፍታ ታስተካክላላችሁ። በመጨረሻ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የምትሰሙት ድምፅና ተጭናችሁ የምትሰሙት አንድ መሆን አለበት። የተጫናችሁት ከፍ ካለ፣ ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ክሩ ይረዝማል፣ እንደ ቶሙ ምላስ። ስልካችሁ ላይ ያለው መቃኛ 31 ኸርዝ አልሰማም ካለ አትናደዱበት፤ ማይኩ ለሰው ወሬ የተሠራ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ነካ አድርጋችሁ የእጥፉን 62 ስጡት፣ ይሰማል።

የእኛ ከተማ አየርም አንድ ነገር ይጨምራል። መጋቢት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ጊታር ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ አንገቱም ከወቅቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ዝናብ ሲገባና ሲወጣ አንዴ አንዴ ማየት ነው። ጊታሩን ደግሞ እባካችሁ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ሥር አታስቀምጡት፤ ይህን የምለው ክበቡ ውስጥ ላላችሁት ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ወደ ስፒከሩ ልመለስ። የባልደረቦቼ መከራከሪያ "ዝቅተኛ ድምፅ ትልቅ ስፒከር ይፈልጋል" የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። 31 ኸርዝን ራሱን በሙሉ ኃይሉ የሚያወጣ ስፒከር ግን በእኛ ገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ የምንገዛው ስፒከር እንኳን 31ን፣ 41ንም በቅጡ አያወጣም። የሚገርመው ግን ጆሯችን ይህን ያህል አይፈልግም። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ የሮሃ ባንድን ካሴቶች በዚያች ትንሽ ቴፕ ነበር የምንሰማው። ስፒከሯ የእጅ መዳፍ አታክልም። ግን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በአፋችን እያዜምን ነው ያደግነው። እንዴት? ንጹሕ ክር ሲመታ መሠረቱን ብቻ ሳይሆን እጥፉን፣ ሦስት እጥፉን፣ አራት እጥፉንም አብሮ ይሰጣል። ትንሿ ስፒከር መሠረቱን ባታወጣ እንኳ እጥፎቹን ታወጣለች፤ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ መሠረቱን ራሱ ይሞላል። ይህ የሚሆነው ግን ክሩ ንጹሕ ከሆነ ነው። የላላ ክር እጥፎቹም የተበላሹ ናቸው፣ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። እዚያ ላይ ትልቅ ስፒከር ስትጨምሩበት ዝዝታውን ነው ለመላው ሜዳ የምታሰሙት። ድምፁ ስለማይሰማ ደግሞ ቤዙን እስከ ጥግ ትከፍቱታላችሁ፣ የስፒከሩ ወረቀት ይቀደዳል፣ በዓመቱ ስፒከርም ቤዝም የለም።

ስፒከር አይገዛ አላልኩም። ዋጋቸው ግን አይገናኝም፤ ከስፒከሩ ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ክሩን ይገዛል፣ የቀረው ይጠራቀማል። ስፒከሩ ከመድረክ ፊት ስለሚቆም እንግዳ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሳል። 130 ክርን ማንም ፎቶ አያነሳውም። ክርክሩ ውስጥ ይህም እንዳለበት ይሰማኛል፤ ቅር የሚለው ካለ ሻይ ላይ እንነጋገር።

እኔን ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነው። የዘንድሮው መዝጊያ በዓል ሩቅ አይደለም። ልጅቷን ጠይቄያታለሁ። እሺም እምቢም አላለችም፤ "ቤዙ ይወርዳል?" ብቻ ነው ያለችኝ። "ይወርዳል" አልኳት። ቤዚስቱም የአጎቱን ቶም በቢ ልሞክረው እያለ ነው፤ አንዱን ምላስ ሲስበው አይቼዋለሁ።

ክበቡ እስኪወስን አልጠብቅም፣ ከደሞዜ እገዛዋለሁ። እዚህ ከተማ አጠያይቄ አላገኘሁም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የምትመጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ገንዘቡን ቀድሜ እልካለሁ። ባለ አምስት ክር የቤዝ ፓኬት በሉት ሻጩን። "ያው ነው" ብሎ ባለ አራቱን ቢሰጣችሁ አትቀበሉት፤ ፓኬቱ ላይ 130 የሚል ቁጥር መኖሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ውሰዱ።